ማካሮኒው ያረረ ዕለት

ዱቄት በቅቤ ሲታመስ፣ ወተቱ ገና ሳይገባበት፣ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ሽታ አለ። ከገብስ ቆሎ ሽታ ጋር ይቀራረባል፣ ግን ከዚያ ይለሰልሳል፤ ወተቱ ከፈሰሰበት በኋላ ጠፍቶ ሌላ ሽታ ይሆናል። ባለፈው ሰሞን ለሥራ ወደ ዲላ ስንወርድ ምሳ ልንበላ አንድ ቤት ቆመን ሳለ ይኸው ሽታ ከጓዳ ወጥቶ መጣብኝና፣ ባልደረቦቼ የሚያወሩትን መስማት አቁሜ፣ ሐዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ወደነበረው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን፣ ወደ አሥር ዓመቴ ተመለስኩ። ሾፌራችን «ምህረት፣ ምግቡ አልተስማማሽም እንዴ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ያንን ቤት የተከራየችው አክስቴ ዘነበች ነበረች። እናቴ አስቴር የእሷ ታናሽ ናት። አባቴ በሦስት ዓመቴ ታሞ ስለሞተ፣ እናቴ እኔን ለእህቷ ትታ ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ስትሄድ አራት ዓመቴ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ብላ የሄደችውም ስድስት ዓመት ሆነ። አክስቴ መሃል ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሶቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲወጡ ከእንቅልፌ ቀስቅሳኝ፣ በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ፀጉሬን አበጥራኝ፣ ትምህርት ቤት አድርሳኝ ወደ ቢሮዋ ታልፍ ነበር። እሑድ ቸርች ከመዘምራኑ ጋር ቆማ ስትዘምር፣ እኔ የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ አፏን አፏን አይ ነበር። «እማዬ» የምለውም እሷን ነበር። ማንም በያት አላለኝም፤ ማንም አትበያትም አላለኝም።

ከቤታችን ሦስት ግቢ አልፎ የጋሽ ከድር ዳቦ ቤት ነበር። ጋሽ ከድር ከስልጤ አገር መጥተው ሐዋሳ ከከተሙ ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ቅንድባቸውን ዱቄት የማይለቀው፣ ጥቂት ተናጋሪ ሰው ነበሩ። ሞባይል በየሰዉ ኪስ ባልገባበት በዚያ ዘመን ሰፈሩን ሁሉ የሚያገለግለው ስልክ የእሳቸው ነበርና እናቴ የምትደውለው እዚያ ነበር። በወር አንድ እሑድ፣ ከቸርች መልስ፣ ከባንኮኒው ኋላ ባለች በርጩማ ላይ ቆሜ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ እሰማ ነበር። «ደህና ነኝ፤ ሦስተኛ ወጣሁ፤ ደህና ሁኚ» ብዬ ለአክስቴ እሰጣታለሁ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ከድር ትኩስ ዳቦ ቆርሰው ይሰጡኝ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የስልኩን ቀን የምጠብቀው ለዳቦው ነበር።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ መጣች። ከአክስቴ ጋር መናኸሪያ ቆመን ስንጠብቅ ከአዲስ አበባው አውቶቡስ የወረደችው ሴት ከፎቶዋ ይልቅ ቀጭን ነበረች፤ አቅፋኝ ስታለቅስ አንገቷ ላይ የማላውቀው ሽቶ ይሸተኝ ነበር፣ እኔም እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፍቶኝ ወደ ታች አንጠልጥያቸው ቆምኩ። ቤት ስንደርስ ሻንጣዋን ከፍታ ቀይ ጫማ አወጣችልኝ። እግሬ አልገባም አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ እግሬ ስንት ቁጥር እንደሚደርስ ስትገምት ኖራ፣ ግምቷ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ጫማውን ተቀብላኝ ውስጡን በአውራ ጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ ወደ ሻንጣው መለሰችው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አክስቴ ወደ ውጭ ጠራችኝ። የሹራቤን ቁልፍ እየቆለፈችልኝ፣

«ከዛሬ ጀምሮ እማዬ የምትያት እሷን ነው» አለችኝ።

«አንቺንስ?»

«እኔን እናትሽ እንደምትጠራኝ እትዬ በይኝ።»

ቁልፉን ከተሳሳተው ቀዳዳ ጀምራ ስለነበር ጫፍ ስትደርስ አንዱ ተረፈ። ሁሉንም ፈትታ እንደገና መቆለፍ ጀመረች፤ እኔም ፊቷን ላለማየት ወደ አጥሩ እመለከት ነበር። ትእዛዟን በግማሽ ፈጸምኩ። አክስቴን እትዬ ማለት ጀመርኩ፤ እናቴን ግን በምንም ስም አልጠራትም ነበር። የምነግራት ነገር ሲኖር ዞሬ ከፊቷ መጥቼ እቆምና እስክታየኝ እጠብቃለሁ።

ክረምቱ ገባ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከሐይቁ በኩል እየመጣ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ሦስታችን በአንዲት ክፍል ታጭቀን እንውል ነበር። እናቴ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ ስላላገኘች፣ እጆቿ ሥራ መፍታት አልወድ ብለው፣ ያልተነካ የማጀት ጥግ አልነበረም። አንድ ቀን ማካሮኒ ልሥራላችሁ አለች። ማካሮኒ ለእኛ ብርቅ አልነበረም፤ አክስቴ ደመወዝ በተቀበለች ቁጥር በሥጋ ስጎ ትሠራው ነበር። እናቴ የሠራችው ግን ሌላ ነገር ነበር። ማካሮኒውን ጠንከር እንዳለ ቀቅላ አጠለለችው፤ በሌላ ብረት ድስት ቅቤ አቅልጣ ዱቄት አመሰች፤ ያ ሽታ ወጣ፤ ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሰች፣ እንዳይጓጉል እጇን ሳታሳርፍ እያማሰለች፣ ነጭ ወፍራም ስጎ አደረገችው። ገውዝ የሚባለውን ክብ ፍሬ ፈቀፈቀችበት። ከማካሮኒው ጋር ደባልቃ፣ ፎርማጆ ስላልነበረን አይብ በጨው አሽታ አለበሰችው። ፎርኖ ከየት ይምጣ? ድስቱን ከሰል ላይ ጥዳ፣ በክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም ደረደረችበት።

ዝናቡ ስለነበር ከሰሉ አስቸገረ፤ ከላይ ሳይበስል ከሥር አረረ። እናቴ ከመሃሉ ደህናውን መርጣ ለእኔ አቀረበችልኝ። አንድ ጊዜ ቀመስኩና ሹካውን አስቀመጥኩ።

«እትዬ የምትሠራው ይሻለኛል» አልኩ።

አክስቴ ተቆጣችኝ። እናቴ ግን «ተያት እትዬ፣ እውነቷን ነው» ብላ የእኔን ሳህን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ከሥር ያረረውንም ጨምራ በላችው። ስታኝክ ያረረው ቅርፊት ጥርሷ ሥር ሲሰበር እሰማ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም፤ ለምን እንዳላለኝ ደግሞ አላወቅኩም።

በነጋታው ጋሽ ከድር ዘንድ ሄደች። የጠዋቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ የእሳቸው ፎርኖ ለሁለት ሰዓት ያህል ሙቀቱን ይዞ ይቆይ ነበርና፣ ትሪዋን እንዲያስገቡላት ለመነቻቸው። «ይህ ፎርኖ የለመደው ዳቦ ነው፤ ማካሮኒ መቻሉን እንጃ፣ ግን አምጪውና እንየው» አሏት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ በሻንጣዋ ይዛው የመጣችውን ጎድጎድ ያለ ትሪ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ በጭቃው መሃል ድንጋይ ድንጋይ እየመረጠች ወደ ዳቦ ቤቱ ስትሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያያት ነበር። ጋሽ ከድር አዲስ አበባ ዱቄት ሊያመጡ ሲወጡ ፎርማጆ ይገዙላት ጀመር፤ የደረቀ ዳቦ አድቅቀውም ለላዩ ይሰጧት ነበር። ትሪው ሲመለስ ላዩ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቀልቶ፣ ዳር ዳሩ ኩፍ ብሎ ይንጣጣ ነበር። ጎረቤት ይቀምሳል፣ ጎረቤት ያመሰግናል። እኔ አልቀምስም ነበር። ሁሉም ከተነሣ በኋላ ግን ማንም ሳያየኝ ማጀት ገብቼ፣ የቀዘቀዘውን የትሪውን ጥግ፣ ፎርማጆው ደርቆ የሚንኮሻኮሸውን፣ በጣቴ ፈልቅቄ እበላ ነበር።

ጣሙን ያስተካከለችው አክስቴ ናት። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ቀስ ብላ አላመጠችና፣

«አስቴር፣ ይህ ነገር አምሮበታል፤ ግን የታመመ ሰው ምግብ ይመስላል» አለች።

«እዚያ የሚወዱት እንዲህ ነው።»

«እዚያ የለሽም እኮ።»

ተነሥታ፣ ቱላ ያሉት ዘመዶቻችን የላኩትን፣ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረውን፣ ለበዓል ብላ አስቀምጣው የነበረውን ቅቤ አወጣች። በቀጣዩ ቅዳሜ ዱቄቱ የታመሰው በዚያ ቅቤ ነበር። ቁንዶ በርበሬም ጨመሩበት፤ ሽንኩርት በስሱ ከትፈው ከዱቄቱ በፊት አቁላሉት። ሁለቱ እህትማማቾች ከምድጃው በላይ አጎንብሰው፣ አንዷ ስታማስል ሌላዋ ወተት ስታፈስ፣ በሲዳምኛ እያወሩ ሲስቁ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታናሽ የነበራት ሰው መሰለችኝ። በዚያን ቀን የወጣው ትሪ ከግቢው በር ሳያልፍ አለቀ፤ እኔ የምፈለቅቀው ጥግ እንኳ አልተረፈም።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ቀለል ብሎ፣ ከታቦር ተራራ ላይ ደመናው ተነሥቶ፣ ትምህርት ሊከፈት ስንዘጋጅ፣ እናቴ ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ወጥ ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማች። ሄዳ ጠየቀች። የሆቴሉ ዋና ሼፍ ከምትሠሪው አንድ ነገር አምጪና ልቅመስ፣ ሐሙስ በስድስት ሰዓት አላት። ማክሰኞ ማታ ከራት በኋላ መጽሐፎቼን ጋዜጣ እያለበስኩ፣ ሁለቱ በሲዳምኛ የሚያወሩትን ሰማሁ። አልናገረውም እንጂ ቋንቋውን እሰማ ነበር፤ እናቴ ይህን አታውቅም ነበር።

«ሥራው ከተገኘ ከሆቴሉ አጠገብ አንድ ክፍል እከራያለሁ» አለች እናቴ። «ምህረትን ይዤ። አንቺም ትንሽ እረፊ፣ እትዬ፤ ስድስት ዓመት ተሸከምሽልኝ።»

«ልጅሽ ናት» አለች አክስቴ።

ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አልለቃትም፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም፤ ተነሥታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች። እኔ ጋዜጣውን ማጠፍ ቀጠልኩ፤ የሂሳብ መጽሐፌን ልባስ ሦስት ጊዜ አጣምሜው ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ረቡዕ ቀን አክስቴ ከሥራ ስትመለስ የቅቤውን ቅል ይዛ ለእናቴ ሙሉውን ሰጠቻት። «ለነገው አትቆጥቢ» አለቻት። እኔ ምን እየሆነ እንደሆነ አልገባኝም፤ የሚወስደኝን ምግብ በገዛ ቅቤዋ የምታጣፍጠው ለምን ይሆን ብዬ ተናደድኩባት።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ማካሮኒውን ጣቷ ላይ አድርጋ በጥርሷ እየሞከረች፣ ስጎውን በማንኪያ ጀርባ እያየች፣ ጨውን ሁለት ጊዜ እየቀመሰች ሠራችው። ትሪውን ዳቦ ቤት አድርሳ ተመልሳ፣ ልትታጠብና ልብስ ልትቀይር ውሃ ቀዳች። የሆቴሉን ሰው የምታገኝበትን ሰማያዊ ቀሚስ አልጋው ላይ ዘርግታው ነበር። ፀጉሯን እያሰረች ሰዓቱን አየችና ጠራችኝ።

«ምህረት፣ ሂጂና ጋሽ ከድርን አሁን ያውጡት ብላለች በያቸው። አሁኑኑ። ጨርቁን ይዤ ደረስኩ።»

ሄድኩ። መንገዱ ከሦስት ግቢ አይበልጥም ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ግን ረጅም መንገድ ይመስለኛል። ጋሽ ከድር ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው የዱቄት ጆንያ እየፈቱ ነበር። የፎርኖው አፍ በቆርቆሮ ተዘግቶ፣ በዙሪያው የፎርማጆው ሽታ ወጥቶ ቤቱን ሞልቶት ነበር።

«እህ፣ ላውጣው?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቆይ ብላለች» አልኳቸው።

«ይቆይ? ደርሷል እኮ።»

«ይቆይ ነው ያለችው።»

ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ጆንያቸው ተመለሱ። እኔ ወጥቼ ከግድግዳው ሥር የተከመረው የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ቶሎ ብትመጣ ምንም አይሆንም ነበር፤ በኋላ እንደሰማሁት ግን የቀሚሷ ዚፕ ተበላሽቶባት በመርፌ ስትሰፋው ቆይታ ነበር። ሽታው መጀመሪያ የተጠበሰ ዳቦ ሽታ ሆነ። ቀጥሎ መረር አለ። ተነሥቼ ልነግራቸው እችል ነበር። ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ።

እናቴ ስትደርስና ጋሽ ከድር «ያ ረቢ» ብለው ቆርቆሮውን ሲያነሡ እኩል ሆነ። በረጅሙ የእንጨት አካፋ ሳብ አድርገው ያወጡት ትሪ ላዩ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ነበር፤ መሃሉ ላይ ብቻ የእጅ መዳፍ የምታህል ቡናማ ቦታ ቀርታለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ምን ሆነሽ ይቆይ አልሽኝ?» አሉ ጋሽ ከድር እናቴን፤ ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ድንጋጤ ነበረበት። «ደርሷል ብዬ ነበር። ልጅቷ ይቆይ ብላለች አለችኝ።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየችኝ አላውቅም። ዓይኖቿ ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወደ እሳቸው ተመለሰች።

«አዎ ጋሽ ከድር፣ እኔ ነኝ እንዲያ በይ ብዬ የላክኋት። ቶሎ እደርሳለሁ ብዬ ዘገየሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፎርኖዎንም አጨስኩብዎት።»

ቢላ ለመነቻቸው። ባንኮኒው ላይ ትሪውን አስቀምጣ፣ ሰማያዊው ቀሚሷ እንዳይነካ ወገቧን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ጥቁሩን በስሱ በስሱ ገፈፈችው። ከሥሩ የቀረውን አስተካክላ፣ በጨርቁ ሸፍና፣ ባጃጅ አስቁማ ሄደች። እኔን ወደ ቤት ሂጂ እንኳ አላለችኝም። ጋሽ ከድር የተገፈፈውን ሰብስበው እየጣሉ አንድ ጊዜ አዩኝ።

በአሥር ሰዓት ግድም ትሪዋን ይዛ በእግሯ ተመለሰች። ሼፉ ጣሙን ወዶት ነበር፤ የማረሩ ሽታ ግን ስለመጣበት፣ እሳት የማትቆጣጠር ሴት ለሆቴል እንዴት ትሆናለች ብሎ ሳይቀጥራት ቀረ። ይህን የሰማሁት ለአክስቴ ስትነግራት ነው። አክስቴ እጇን ያዘቻት፤ ሁለቱም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቆዩ።

ለሁለት ቀን ደስታዬን ስፈልገው ነበር። አክስቴ ጋ ልቀር ነው፣ ቤቴ ውስጥ ልቀር ነው፣ እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ደስታው ግን አልመጣም። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ትሪውን አልሞላችም። አክስቴ ጓሮ ጎመን ስትቆርጥ አጠገቧ ሄጄ፣

«ማካሮኒ የለም እንዴ ዛሬ?» አልኳት።

«ምን ያደርግላታል?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ልትሄድ ነው። የበፊቶቹ አሠሪዎቿ ተመለሽ ብለው ልከውባታል። እዚህ ሥራ ካላገኘች ኅዳር ላይ ትመለሳለች።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። እናቴ ሥራ ካጣች እንደ ዱሮው እንሆናለን ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ዱሮ ማለት ደግሞ እሷ የሌለችበት መሆኑን አላሰብኩትም። ስልኩን፣ በርጩማውን፣ «ደህና ሁኚ» ማለቱን አሰብኩ። አሁን ግን ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን አውቃለሁ። ስትተኛ አንድ እግሯን ከብርድ ልብሱ ውጭ እንደምታደርግ አውቃለሁ። የማያውቁትን ሰው መሸኘት ቀላል ነበር።

እናቴ ከቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የትሪውን ጥቁር በአሸዋና በአመድ እየፈተገች ነበር። መጥቼ ከፊቷ ቆምኩ፣ እንደ ልማዴ፣ እስክታየኝ። አላየችኝም፤ ወይም እያየችኝ መፈተጓን ቀጠለች። ጎንበስ ብዬ ጨርቅ አነሣሁና ሌላኛውን ጥግ መፈተግ ጀመርኩ። እየፈተግን፣

«ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«በሰው ፊት ላዋርድሽ?» አለችኝ። አሸዋ ጨመረች። «ምን ሆነሽ እንዳደረግሽው ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።»

ነገርኳት። ማክሰኞ ማታ የሰማሁትን፣ ሲዳምኛ እንደምሰማ፣ እትዬን ትቼ ሌላ ቤት መሄድ እንዳልፈለግኩ ነገርኳት። እጇን አቁማ ሰማችኝ። ስጨርስ «እኔም ሳልጠይቅሽ ነው ቤት የፈለግኩልሽ» አለች፤ ከዚያ ፊቷን በክርኗ ጠረገች። «አትሂጂ» አልኳት። ትሪውን ተያይዘን እስኪያበራ ድረስ አጠብነው።

ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይልከኝ ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ይህኛውም መንገድ ከሦስት ግቢ አይበልጥም ነበር። ባንኮኒው ሥር ቆሜ፣ እናቴ ይቆይ እንዳላለች፣ እኔ ከራሴ እንዳመጣሁት ነገርኳቸው፤ ሥራውን እንዳጣችና ልትሄድ እንደሆነም ነገርኳቸው። ዱቄታም ቅንድባቸውን አጥፈው ሰሙኝ።

«አንቺስ ልጅ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ፊት ቆሜ፣ ሽታው ከመጣብኝ በኋላ ልጅ ብላኛለች ብዬ ጆንያ መፍታት አልነበረብኝም። ሁለታችንም ነን ያሳረርነው። ሂጂ እናትሽን ጥሪያት።»

እናቴ ስትመጣ ያሏት ቀላል ነገር ነበር፤ ከጠዋቱ ዳቦ በኋላ ፎርኖው ባዶ ነው፣ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ቦታ አለ፣ መናኸሪያው ደግሞ በምሳ ሰዓት ሾፌርና መንገደኛ ይተፋል። ጥቅምት ውስጥ እዚያ ማካሮኒ መሸጥ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። ሾፌሮቹ ትሪውን እያዩ «ስጎው የታለ?» ይሏት ነበር፤ ነጭ ምግብ አምነው የሚቀምሱ ጥቂቶች ነበሩ፤ የተረፈውን እኛው ለራት እንበላው ነበር። አክስቴ አንድ ቀን ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት የሚፈጨውን ዳጣ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጥታ ከትሪው አጠገብ አስቀመጠችው። ሰው በዳጣው ሰበብ መጣና ለማካሮኒው ቀረ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ እረዳት ነበር፤ ሳህን አነሣለሁ፣ ሹካ አጥባለሁ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሰዉ በዝቶ፣ እናቴ ፎርኖው ጋ ሆና አልሰማ ስትለኝ፣ «እማዬ፣ እኚህ ሰውዬ ጥጉን ነው የሚፈልጉት!» ብዬ ጮህኩ። እኔ ልብ አላልኩም። እናቴ ቢላውን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች። ቀና ስል አክስቴ በሩ ላይ ነበረች፤ ምሳዋን ልትበላ ከቢሮ መጥታ፣ ሰምታለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ ገባችና ሳህን አንሥታ፣ «ለእኔም ከጥጉ» አለች።

ኅዳር መጥቶ አለፈ፤ እናቴ አልሄደችም። ሌላ ቤትም አልተከራየችም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ሲለቀቅ ጨመርነው እንጂ። አክስቴ ከእኛ ጋር ኖራ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ከአራት ዓመት በፊት ከእናቴ ጎን ባለው አልጋ ላይ ዐረፈች። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ስለ ጨው ይጨቃጨቁ ነበር።

ዛሬ እኔም ልጅ አለችኝ፤ ሦስት ዓመት አልፏታል። ሥራዬ በየወሩ ለሳምንት፣ አንዳንዴም ለአሥር ቀን ወደ ገጠር ወረዳዎች ይወስደኛል፤ ያን ጊዜ ልጄ እናቴ ዘንድ ትቆያለች። ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ስጠራት መጀመሪያ የእናቴን ፊት ታያለች፤ ከዚያ ጭኗ ላይ ወጥታ ፊቷን ታዞርብኛለች። እኔም ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «ነይ እንጂ፣ ረሳሽኝ እንዴ» እያልኩ እጇን እጎትታለሁ፣ ከረሜላ አወጣለሁ፣ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ሰባት ቀን ለሄድኩት ለእኔ ግማሽ ሰዓት ይረዝምብኛል። እናቴ ስድስት ዓመት ቆይታ መጥታ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ጠበቀችኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን እጄን አልጎተተችም።